ሰላምታ ያሞቀው ብረት

በዚህ አገር ሥራ የሚያበላሸው ስንፍና ነው የሚል ሰው ካጋጠማችሁ እንዳታምኑት። ሥራ የሚገድለው ሰላምታ ነው! አትሳቁ... ቆይ ልንገራችሁ።

እኔ ጭሮ ውስጥ ቶርኖ ቤት ነው የምሠራው። የትልልቅ ማሽኖች ክንድ ላይ ፒን የሚገባበት ቀዳዳ ተበልቶ እንቁላል ሲመስል፣ ረጅም ዘንግ ላይ የታሰረ ቢላ እያሽከረከርኩ መልሼ ክብ አደርገዋለሁ። ቀላል እንዳይመስላችሁ፤ በእኛ ሥራ የአንድ ጸጉር ውፍረት ማለት ገደል ነው።

ባለፈው ሳምንት ሚኤሶ ተጠራሁ። የኩሬ ደለል የሚጠርገው ሎደር ክንዱ ተበልቶ ቆሟል። ደመናው መሰብሰብ ጀምሯል፤ ኩሬው ሳይጠረግ ከዘነበ የከብቱ ውሃ ዝም ብሎ መፍሰሱ ነው። ከባልደረባዬ ከአብዲ ጋር ሁለት ቀን ለፍተን ቀዳዳውን አስተካከልነው። የቀረው ቡሽ የምንለውን የብረት ቀለበት መክተት ነው። ቡሹ ጠብቆ እንዲቀመጥ ከቀዳዳው ትንሽ ይወፍራል። ታዲያ በምን ይገባል አትሉም? በብርድ! ብረት ሲበርደው ኩምትር፣ ሲሞቀው ንፍት ነው። ስለዚህ ቡሻችን ገበያው ዳር ያለው የአዴ ፋጡማ ሱቅ፣ ፍሪዘር ውስጥ ከለስላሳ ጋር ተኝቶ አደረ።

ረፋድ ላይ በጓንት አቅፌው ሮጥኩ። እስከ ሎደሩ ሁለት መቶ እርምጃ ቢሆን ነው። መሀሉ ላይ ግን ሐጂ ኡመሬ ቆመዋል! የአገር ሽማግሌ፣ የኩሬው ኮሚቴ ሰብሳቢ። እሳቸውን አልፎ መሮጥ... እስቲ እናንተ ብትሆኑ ታደርጉታላችሁ?

«አሰላሙ አለይኩም!»

«ወአለይኩም ሰላም ሐጂ፣ ትንሽ ቸኩዬ...»

«ነጋ ጂርታ? ደህና ነህ? ሚስት ደህና? ልጅ ደህና?»

«ሁሉም ደህና!»

«ከብቱስ?»

«ከብት የለኝም።»

«የለኝም?! አለቀብህ እንዴ? ወይኔ ልጄ!»

ድርቅ የፈጀብኝ መሰላቸው። «አብሽር፣ አላህ ይተካል» እያሉ ያጽናኑኝ ጀመር። ኖሮኝ ለማያውቅ መንጋ ቆመው ዱአ አደረጉልኝ! ሲጨርሱ «አምጣ ላግዝህ» ብለው ቡሹን ተቀበሉኝ።

«ያ ሰላም! ይቀዘቅዛል!»

ጉንጫቸው ላይ ለጠፉት። ግራ ጉንጭ፣ ቀኝ ጉንጭ፣ ግንባር... የሚኤሶን ሙቀት የምታውቁ አትፈርዱባቸውም። እኔ ግን ቡሹ ሲወፍር በዓይኔ ያየሁ መሰለኝ።

በመጨረሻ «ሎደሩስ?» አሉኝ። «ምነው እንዲህ ዘገየ?»

ቡሹን ተቀብዬ ሎደሩ ጋ ስደርስ፣ ግማሽ ድረስ ገብቶ ቀጥ አለ። አብዲ በመዶሻ ቢለው፣ እኔ ብለምነው፣ ብሰድበው... እምቢ! ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ያለው ሰው ቡሽ አያውቅም፤ የእኛው በሩጫ ገብቶ አልፈታም አለ። ስናስወጣው ዋልን። ሰማዩ ደግሞ እየጠቆረ ነው። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ላለቅስ ምንም አልቀረኝም። ደግነቱ ቡሹም ቀዳዳውም አልተጫሩም።

ሐጂ የሆነውን ሲሰሙ ደነገጡ። «ነገ እኔ አለሁ!» አሉ።

በማግስቱ ቡሹን ከፍሪዘር ሳወጣ፣ በትራቸውን እያወዛወዙ ከፊቴ ቀደሙ።

«ይሄን ሰውዬ ሰላም የሚል እንዳይኖር! ማንም!»

ገበያተኛው ለሁለት ተከፍሎ፣ አንገቱን ደፍቶ በዝምታ አሳለፈኝ። ቡሹ እንደበረደው ደረሰ። አንድ ጊዜ በመዶሻ ነካ ስናደርገው... ስልም! ሐጂ «አልሐምዱሊላህ» ብለው እዚያው መሬት ላይ ተቀመጡ።

ሎደሩ ወደ ኩሬው ሲያቀና፣ ላቤን እንኳ ሳልጠርግ ስልኬ ጮኸ። ባለቤቴ ናት፣ ከጭሮ።

«አንተ ሰው! ምን አጥፍተህ ነው ሚኤሶ ሙሉ ሰላምታ የነሳህ?»

ቡሹ እንኳ አንድ መዶሻ ፈልጓል። ወሬው ግን ማንም ሳይነካው ጭሮ ገብቷል!