ኤሌክትሮኖችን የጫንኩ ዕለት

ይህ የምነግራችሁ ነገር ከራስ ፀጉሩ እስከ እግር ጥፍሩ እውነት ነው። ቅንጣት ውሸት ካለበት ዳገት ላይ ፍሬን ይክዳኝ፤ ከዛሬ ጀምሮ «ወራጅ አለ!» ሲሉኝ ጆሮዬ ይደፈን። ሰፈር ውስጥ «ዳምጠው ቀጣፊ ነው» ይላሉ። ይበሉ። አምና ጅብ በሚኒባሳችን ተሳፍሮ እስከ ላምበረት ሄደ ብዬ ያወራሁት እንኳ ግማሹ እውነት ነው። ሚኒባሷ ነበረች።

ትናንት ሕልም አየሁ። «ትናንት ሌሊት» ብል ደስ ባለኝ፤ ሕልም በሌሊት ነው የሚያምረው። እኔ ግን ያየሁት እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ሚኒባሷ የኋላ ወንበር ላይ ተጋድሜ፣ መምህር አስረስ ደጃፍ ላይ ነው።

ለምን እዚያ እንደተኛሁ መጀመሪያ ልንገራችሁ። መምህር አስረስ ፊዚክስ ሲያስተምሩ ፀጉራቸው የሸበተ ሰው ናቸው። ልጃቸው ፈትለወርቅ ደግሞ ከአባቷ ብሳ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ኤሌክትሮን እንዴት እንደሚሽከረከር ትመራመራለች። «ስፒን» ይሉታል። ጠዋት ጠዋት ጋቢና የምትቀመጠው እሷ ናት። ዝናብም ቢሆን ፀሐይም ቢሆን ጋቢናውን የምይዝላት ረዳቱ እኔ ነኝ።

አንድ ቀን «ግን ምንድነው የምትመራመሪው?» አልኳት።

«ኤሌክትሮን የሚባል ደቃቅ ነገር አለ» አለችኝ። «እንደ እናንተ ታክሲ አስበው። አንድ ወንበር ላይ ሁለት ብቻ ነው የሚቀመጡት። እሱም የአንዱ ስፒን ወደ ላይ፣ የሌላው ወደ ታች ከሆነ ነው። ሁለቱም አንድ ዓይነት ከሆኑ አብረው አይቀመጡም።»

«ሦስተኛ ትርፍስ?»

«በፍጹም!»

«ቅጣቱ ስንት ነው?»

ሳቀች። እኔም የዚያን ዕለት በፍቅሯ ወደቅኩ፤ እስካሁን አልተነሳሁም።

ሽማግሌ ላክሁ። የሽማግሎቹ አለቃ ሾፌራችን ጋሽ ሽብሩ ናቸው። በመጀመሪያው እሑድ መምህር አስረስ «ልጁ እስከ ስንተኛ ክፍል ተምሯል?» ብለው ጠየቁ። ጋሽ ሽብሩ ደረታቸውን ነፍተው «ስምንተኛ! ያውም ሁለት ጊዜ!» አሉ። መምህሩ ትንሽ አሰቡና «እንመካከርበት፣ ሌላ እሑድ ተመለሱ» ብለው ሸኟቸው። ይኼ እንኳ ወግ ነው፤ በመጀመሪያው ቀን «እሺ፣ ውሰዷት» የሚል አባት ልጁ የሰለቸችው አባት ነው። ትናንት ግን ሁለተኛው ነበር። ወይ እሺ፣ ወይ እምቢ።

ሽማግሎቹ ገቡ። አግቢው አብሮ አይገባም፤ እኔ ሚኒባሷ ውስጥ ቀረሁ። ከጭንቀቴ ብዛት እንቅልፍ ጣለኝ። ሌላው ሰው ሲጨነቅ እንቅልፍ ያጣል፤ እኔ ስጨነቅ ነው የምተኛው። ስምንተኛ ክፍልንም የደገምኩት በዚሁ ነው።

እንደተኛሁ ራሴን ታክሲ ተራ አገኘሁት። ሚኒባሶቹ ተሰልፈው ሰው ይጠብቃሉ፤ ሰልፉ ተጠማዝዞ ድልድዩን አልፏል። የሚጣሩት ተሳፋሪዎቹ ናቸው፤ «አንድ ታክሲ የቀረው! አንድ ታክሲ ብቻ! ግባ በለው!» አንዲት አህያ ዱቄት ያሸከመችውን ነጋዴ «ሂድ እንጂ፣ አንተ ሰነፍ!» እያለች ከኋላ ትነዳዋለች። ትራፊክ ፖሊሱ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ይነፋረቃል።

«ምን ሆነህ ነው?» አልኩት።

«ማንም አላጠፋም» አለና መሐረብ ለመነኝ።

ያኔ ኤሌክትሮኖቹ መጡ። ኤሌክትሮን በዓይን አይታይም ይባላል። በሕልም ይታያል። ነጭ ሸሚዝ ለብሰው ከአንድ ማኅፀን እንደወጡ ሁሉ ቁርጥ አንድ ናቸው።

«ስምህ ማነው?» አልኩት የመጀመሪያውን።

«ኤሌክትሮን።»

«ያኛውስ?»

«ኤሌክትሮን።»

«ከኋላ ያለው ወፍራሙስ?»

«ወፍራም የሚባል የለንም። ብታቀያይረንም አታውቀውም።»

«ታዲያ ሚስትህ በር ስትከፍትልህ በምን ታውቅሃለች?»

«እኔ ወደ ላይ ከሆንኩ እሷ ወደ ታች ናት። ሁለታችንም ወደ ላይ ከሆንን ሰው ቤት ነው የገባሁት፤ ይቅርታ ጠይቄ እወጣለሁ።»

በየወንበሩ ሁለት ሁለት እየሆኑ ተቀመጡ። አንዱ ቀጥ ብሎ፣ ሌላው በጭንቅላቱ ቆሞ እግሩን ጣሪያ አስነክቶ። እኔ የለመደብኝ ነውና «እስቲ ጠጋ ጠጋ በሉ! አንድ ሰው ነው!» አልኩ። የተነቃነቀ የለም። «ወንድሜ፣ በጭንቅላትህ የቆምከው፣ ትንሽ ጠጋ ብትል ምን ትሆናለህ?» አንዱን ትርፍ በጉልበት ላስገባ ስገፋው ሚኒባሷ አስነጠሰች። ትርፉ በመስኮት ተስፈንጥሮ ጣሪያው ላይ፣ ዕቃ የምንጭንበት ቦታ ጉብ አለ።

«እዚህ ይሻለኛል» አለ ከላይ። «ከታች ሲሞላ ከፍ ያለ ወንበር ነው የሚፈለገው።»

«ሞልቷል! ሳበው!» ብዬ በሩን ስደበድብ፣ ለካ በሩ ላይ የተንጠለጠሉት ጋሽ ሽብሩ ናቸው። እኔ መሪ ጨብጫለሁ።

«አንተ ሾፌር፣ ንዳው እንጂ! ምን ታፈጣለህ?» አሉኝ።

«ጋሼ፣ መንጃ ፈቃድ እኮ የለኝም!»

«ያላቸው ናቸው የሚከሰሱት። ንዳ!»

ነዳሁ። አደባባይ ደረስንና አንድ ዙር ዞርኩ። ዞሬ ስጨርስ ሰማዩ ከጎማው ሥር ነው፤ አስፋልቱ አናቴ ላይ ነው። ቆሎ የምትሸጥ ሴትዮ ቆሎውን ከደንበኞቿ አፍ እየለቀመች ወደ ቁና ትመልሳለች። ራሴን በመስታወት ባየው ራሴን ጠላሁት።

«ምን ሆንኩ?» ብዬ ጮህኩ።

«ምንም» አለ አጠገቤ ያለው ኤሌክትሮን፣ እግሩ ጣሪያ እንደነካ። «አንድ ዙር ብቻ ነው የዞርከው። እኛ ዘንድ አንድ ዙር የዞረ የራሱ ተቃራኒ ይሆናል። ወደ ራሱ የሚመለሰው ሁለት ዙር ሲሞላ ነው።»

«እኛ ዘንድ አንድ ዙር ይበቃል!»

«ታዲያ ሽማግሌ ለምን ሁለት ጊዜ ትልካላችሁ?»

ሁለተኛውን ዙር ዞርኩ። ሰማዩ ወደ ላይ ወጣ፣ አስፋልቱ ወደ ታች ወረደ፣ ራሴንም መልሼ ወደድኩት።

ከሚኒባሷ ስወርድ ያረፍኩት ላቦራቶሪ ውስጥ ነው። ኤሌክትሮኖቹ ነጭ ጋዋን ደርበዋል። የሚመረመረው ሰው ነው። ሰዉን አንድ በአንድ በትልቅ ማግኔት መሐል ያሾልኩታል፤ አንዱ ወደ ላይ ይወጣል፣ አንዱ ወደ ታች ይወርዳል። መሐል የሚቀር የለም። አንድ ክራቫት ያሰረ ሰውዬ «ኧረ እባካችሁ፣ እኔ ዕድሜ ልኬን መሐል ሰፋሪ ነኝ!» እያለ ቢለምን ወደ ታች ወረወሩት።

ተራዬ ደረሰ።

«ፈትለወርቅን ትወዳታለህ?» አለኝ መርማሪው።

«እወዳታለሁ!» ሽው ብዬ ወደ ላይ ወጣሁ።

«ጻፍ፤ ይወዳታል። ቀጥሎ፤ ስታገባት ሽንኩርት ትከትፋለህ ወይስ ድንች ትልጣለህ?»

ይቺ የጎን ጥያቄ ናት። ወደ ጎን ሄጄ «ሽንኩርት» አልኩ።

«ጻፍ፤ ሽንኩርት። አሁን እንደገና፤ ትወዳታለህ?»

አፌን ከፈትኩ። ጠፋብኝ! ጭንቅላቴ ውስጥ ያለው ሽንኩርት ብቻ ነው።

«ማንን?» አልኩ።

መርማሪዎቹ በጭብጨባ ቤቱን አናወጡት። «አያችሁ? በጎን ሲጠየቅ የፊተኛው መልሱ ይሰረዛል። እንደገና ብንጠይቀው ወይ ይወዳታል፣ ወይ አይወዳትም፤ ግማሽ በግማሽ ነው። የሰው ጠባይ እንዲህ ነው።»

«ኧረ እወዳታለሁ! ሽንኩርቱ ነው ያምታታኝ!» አልኩ እያለቀስኩ። ዕንባው ከሽንኩርቱ ይሁን ከፍቅሩ እስካሁን አልለየሁትም።

በር ተንኳኳ። ስከፍት መምህር አስረስ በቁምጣ፣ ከሽማግሎች ጋር ቆመዋል። እኔ ሳላውቀው ጋቢ ደርቤ ሶፋ ላይ ተሰይሜአለሁ።

«ይግቡ፣ ቁጭ ይበሉ» አልኳቸው።

«አልቀመጥም፤ ጉዳይ አለኝ። ልጄን ይቀበሉኝ ብዬ ነው።»

«እስከ ስንት ተምረዋል?»

«ሁለተኛ ዲግሪ» አሉ አንገታቸውን ደፍተው።

«ስምንተኛ ክፍልን ስንት ጊዜ ተማሩ?»

«አንድ ጊዜ ብቻ።»

«እኔ ሁለት ጊዜ ነው። ሄደው ይድገሙና ይመለሱ» አልኳቸው። እንዲህ ጣፋጭ ነገር በዕድሜዬ ቀምሼ አላውቅም። መምህሩ ቁምጣቸውን እየጎተቱ ወደ ስምንተኛ ክፍል ሲሮጡ በዓይኔ አየሁ።

ደስታዬ ግን አልበረከተም። ዋናው መርማሪ መጣና አንድ ወንበር አምጥቶ ፊቴ አቆመ።

«ጋብቻ በአንተም በሳቸውም አይወሰንም። ትፈተናላችሁ» አለኝ። «ፈትለወርቅን ድሬዳዋ አስቀምጠናታል፤ አንተ እዚህ ነህ። ሁለታችሁን በአንድ ቅጽበት አንድ ጥያቄ እንጠይቃለን። መልሳችሁ ተቃራኒ ከሆነ ጥንድ ናችሁ፤ በዚህ ወንበር አብራችሁ ትቀመጣላችሁ። አንድ ዓይነት ከሆነ ግን እስከ ዕለተ ሞታችሁ በየወንበራችሁ።»

«ጥያቄው ምንድነው?»

«አንተን ‹ትፈልጋታለህ?› እሷን ‹ትፈልጊዋለሽ?› ነው።»

እፈልጋታለሁ! ግን እሷም «እፈልገዋለሁ» ካለች ሁለታችንም ወደ ላይ ሆንን፤ ወንበሩ ቀረ። ስለዚህ «አልፈልጋትም» ልበል። ግን እሷ ምሁር ናት፣ ሕጉን ከእኔ በላይ ታውቃለች። «ይሄ ሞኝ እፈልጋታለሁ ማለቱ አይቀርም» ብላ «አልፈልገውም» ካለችስ? ያኔ ሁለታችንም ወደ ታች!

«ስልክ ልደውልላት?»

«አይቻልም።»

«አንድ መልእክት ብቻ?»

«አይቻልም። ቶሎ በል፣ ሰልፉ ረጅም ነው። ትፈልጋታለህ?»

ወንበሩን አየሁት። ባዶ ወንበር እንደዚያ ሲያባባ አይቼ አላውቅም። እዚያ ላይ ከእሷ ጋር ለመቀመጥ የማልለው ነገር የለም። ዓይኔን ጨፍኜ፣ ባለኝ ድምፅ ሁሉ፣ ተራ ላይ ተሳፋሪ በምጠራበት ጉሮሮ ጮህኩ፤

«አልፈልጋትም! ማርያምን አልፈልጋትም!»

ነቃሁ።

የሚኒባሷ በር ወለል ብሎ ተከፍቷል። በሩ ላይ ጋሽ ሽብሩ፣ ሌሎቹ ሽማግሎችና መምህር አስረስ ቆመዋል፤ ከኋላቸው ፈትለወርቅ። መምህሩ ሊጨብጡኝ እጃቸውን ዘርግተው ነበር። እጃቸው እንደተዘረጋ ቀረ።

«ዳምጠው» አሉኝ ጋሽ ሽብሩ፣ ለቅሶ ቤት በሚወራበት ድምፅ። «እሺ ብለውን ነበር። ግባ ሊሉህ ነው የወጡት።»

«ነበር?»

«ነበር።»

«ጋሼ፣ እሷ እኮ ድሬዳዋ ስለነበረች ነው…»

«ማን ናት ድሬዳዋ ያለችው?» አሉ መምህር አስረስ፣ ፊታቸው ተለዋውጦ።

«ፈትለወርቅ!»

«ፈትለወርቅ ይቺውና!»

«ኤሌክትሮኖቹ ናቸው የወሰዷት! እርስዎም እኮ ነበሩ፣ በቁምጣ!»

አንደኛው ሽማግሌ አማተቡ። ያኔ ፈትለወርቅ አባቷን አልፋ መጣችና በሩ ላይ ቆመች።

«ቆይ» አለችኝ። «ምን ብለው ጠየቁህ?»

ነገርኳት። ስለ ወንበሩም፣ ስለ ተቃራኒውም።

«እኔስ ምን መለስኩ?»

«አልሰማሁም። ነቃሁ።»

የቁጣ ይሁን የሌላ፣ ከንፈሯ ጫፍ ላይ አንድ ነገር ተንቀሳቀሰ።

«አሁን ሳሎን ውስጥ አባዬ ሲጠይቀኝ ‹እፈልገዋለሁ› ነው ያልኩት» አለች። ቀጥላም ወደ አባቷ ዞር ብላ «አባዬ፣ ተቃራኒ ነው» አለች።

ሚኒባሷ ውስጥ ገባችና አጠገቤ ቆመች።

«ጠጋ በል» አለችኝ።

ስንት ዓመት ሰው ጠጋ በል ስል ኖሬ፣ ለእኔ ሲባል የመጀመሪያዬ ነው። ጠጋ አልኩ። አንድ ወንበር ላይ ተቀመጥን። መምህር አስረስም ዕንባቸው እስኪፈስ ሳቁና «ይቻላል! ሕጉ ይፈቅዳል!» አሉ።

እንግዲህ መጀመሪያ ላይ በፍሬን ምያለሁ፤ ነገ ደግሞ ዳገት አለብን። ስለዚህ እውነቱን ልናገር። ከዚህ ሁሉ ውስጥ የፈጠርኳት አንዲት ነገር ናት። ኤሌክትሮኖቹ እውነት ናቸው፤ አህያዋም እውነት ናት፤ ፈትለወርቅም «ጠጋ በል» ብላኛለች። መምህር አስረስ ግን አልሳቁም።

«ሌላ እሑድ ተመለሱ» ነው ያሉት።