የአጎቴ ክንድና የሻጩ ሜትር

እናንተ ቤት ክንደ ረጅም ዘመድ አለ? ከሌለ ጨርቅ የምትገዙት እንዴት አድርጋችሁ ነው? በእኛ በላስታ ጨርቅ በክንድ ሲሸጥ «በማን ክንድ?» የሚል ሙግት አይቀርም። ስለዚህ ገዢ ክንደ ረጅም ዘመዱን ይዞ ይሄዳል። እንዲህ ያለ ሰው ሹመት ባይኖረውም ይከበራል፤ እሱ ከታመመ ጨርቅ መግዛት ለሚቀጥለው ሳምንት ይተላለፋል። የእኛ ቤቱ አጎቴ ጋሼ ደምሌ ናቸው።

ለዩኒፎርሜ ስድስት ክንድ ጨርቅ ልንገዛ ፍላቂት ገበያ ሄድን። ያለ ዩኒፎርም ሰኞ ክፍል አልገባም። ጋሼ ደምሌ እጅጌያቸውን ሰብስበው ክንዳቸውን ዘረጉ። ሻጩ ግን የእንጨት ሜትር አወጣ።

«አባቴ፣ ከእንግዲህ በሜትር ነው። ስንት ልቁረጥ?»

ክንዳቸው እንደተዘረጋ ቀረ። የስንቱን ቤት ጨርቅ የለካ ክንድ ሥራ ሲፈታ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አይቼ አንጀቴን በላኝ።

«ጋሼ፣ አንዴ ይቆዩኝ» አልኩና ክንዳቸውን በማስመሪያዬ ለካሁት፤ ሃምሳ አምስት ሴንቲ ሜትር። በስድስት ሲባዛ ሦስት መቶ ሠላሳ፣ ለመቶ ሲካፈል ሦስት ነጥብ ሦስት።

«ሦስት ሜትር ከሠላሳ ቁረጥ!»

«ቢያጥርሽ መልሼ አልቀበልሽም» ብሎ እየሳቀ ቆረጠው።

ጋሼ ደምሌ ጨርቁን ተቀብለው በክንዳቸው ይለኩት ጀመር። ስድስተኛው ላይ የጨርቁ ጫፍ ከመሃል ጣታቸው ጫፍ ጋር ገጠመ። ሜትሩን ከሻጩ እጅ ወስደው አገላብጠው አዩትና በእርጋታ መለሱለት።

«በዚህ መለካት ትችላለህ» አሉት። «ትክክል ነው።»