የእኛ ያልሆነው እሳት

[ከሚነደው ጫካ በታች ሜዳ ላይ የተተከለ ድንኳን። ውስጡ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ የሒሳብ ማሽንና አንድ ሰው አለ። ሰውየው የእሳት ማጥፋቱን ወጪ የሚቆጣጠር ሒሳብ ሹም ነው። ሁሉም «ሳንቲም» ይለዋል፤ ፊት ለፊት ሳይሆን ዞር ሲል። አጠገቡ የውሃ ቦቴው ሾፌር ቆሟል፤ የሚስቱ ታናሽ ወንድም ነው፤ ፊቱ ጥላሸት የጠጣ ድስት መስሏል። ጭቅጭቁ ከደራ ቆይቷል።]

ሳንቲም፦ ሁለት ጠርሙስ ጠጥተሃል። ለአንድ ሰው የተመደበው አንድ ነው።

ሾፌሩ፦ እሳት ውስጥ ውዬ እኮ ነው የመጣሁት ጋሼ። ጠማኝ።

ሳንቲም፦ ቦቴ ሙሉ ውሃ እየነዳህ ጠማኝ ትላለህ?

ሾፌሩ፦ እሱማ የእሳቱ ነው።

ሳንቲም፦ እሰይ፣ እሷን ታውቃለህ። ሰውና እሳት ከአንድ በጀት አይጠጡም። የአንተ ጠርሙስ ከምግብ ይወጣል፣ የእሳቱ ውሃ ከትራንስፖርት። ገባህ?

ሾፌሩ፦ ውሃው ትራንስፖርት ነው?

ሳንቲም፦ ውሃው የወንዝ ነው፣ ነፃ ነው። የሚያስከፍለው መንገዱ ነው።

ሾፌሩ፦ [ባዶዋን ጠርሙስ እያየ] ጠርሙሷም እኮ የመጣችው በመንገድ ነው።

ሳንቲም፦ ወይ ፈጣሪዬ። እህትህ አልቅሳ ባትለምነኝ፣ አንተን እንኳን ለቦቴ ለጋሪም የሚያምንህ አልነበረም።

[ማሽኑን ሁለት ጊዜ ቀጭ ቀጭ አደረገ። ያሰላው ነገር የለም፤ ድምፁ ደስ ስለሚለው ነው።]

ሾፌሩ፦ እሺ ይቁረጡብኝ። ናፍጣ ይፍቀዱልኝና ልመለስ። ደግሞ አንድ የምነግርዎት…

ሳንቲም፦ ከእኔ ናፍጣ መጠየቅ ከዛሬ ጀምሮ ቀርቷል።

ሾፌሩ፦ ምነው፣ አለቀ?

ሳንቲም፦ ኃላፊው ትናንት ጠርቶ ምን አለኝ መሰለህ? «ወጪው ከተፈቀደው ጣሪያ ካለፈ ይህን ወንበር እርሳው፤ መጋዘን ወርደህ አካፋ ትቆጥራለህ።» ለእኔ ነው እንዲህ የሚለው። አካፋና ዶማ ሳልለይ ሪፖርት ስጽፍለት ለኖርኩት ሰውዬ።

ሾፌሩ፦ አለፈ እንዴ?

ሳንቲም፦ እሱ ሲናገር አልፎ ነበር።

ሾፌሩ፦ እንግዲህ አካፋው…

ሳንቲም፦ ዝም ብለህ ስማ። ጭንቅላት ያለው ሰው ወጪ ሲበዛበት አይቀንስም፤ ባለቤት ይፈልግለታል። እሳቱ የት ነው የተነሳው?

ሾፌሩ፦ ጫካ ውስጥ።

ሳንቲም፦ እሱንማ ጦጣም ያውቃል። ከጅረቱ ወዲህ ነው ወይስ ወዲያ?

ሾፌሩ፦ ሲነሳ አልነበርኩም። ስደርስ ወዲህም ወዲያም ነበር።

ሳንቲም፦ ወዲያ ነው የተነሳው። ጅረቱ ደግሞ የእኛና የጎረቤት አስተዳደር ድንበር ነው። ደንቡ «እሳት የተነሳበት ይክፈል» ይላል። ጠዋት ደንቡን ተሸክሜ ሄድኩ፣ አሳመንኳቸው፣ ፈረሙ፤ ለኃላፊውም ወዲያው ሪፖርት ላክሁለት። ከመጀመሪያዋ ጭስ ጀምሮ ያለው ወጪ በሙሉ የእነሱ ነው።

ሾፌሩ፦ እሳቱን ሰጧቸው?

ሳንቲም፦ ከነአመዱ።

ሾፌሩ፦ እነሱስ ምን ነክቷቸው ተቀበሉ?

ሳንቲም፦ ሒሳብ ሹማቸው ምኑም አይደለም፤ አጭር ነገር ነው፤ እያነበበ ራሱን ሲነቀንቅ አዘንኩለት። አንዲት ነገር ብቻ ጠየቀ። «የምከፍልበትን እኔ ላዝዝበት?» አለ። እዘዝበት አልኩት። ትእዛዝ ምን ያስከፍላል?

ሾፌሩ፦ እኔንም ነው የሚያዙት?

ሳንቲም፦ አንተንም፣ ቦቴህንም፣ ድንኳኑንም፣ ይህቺንም ጠረጴዛ። ሁሉም በእነሱ ሒሳብ ነው።

ሾፌሩ፦ እርስዎስ?

ሳንቲም፦ እኔማ አበሌን ከእነሱ እየበላሁ ወንበሬን ከእኛ አስከብራለሁ። ብልጥ ጥጃ ሁለት ላም ይጠባል። አንተ አንዷን ላም እንኳ ፈልገህ አታገኛትም።

ሾፌሩ፦ [ጭንቅላቱን እያከከ] እንግዲያው ሰውየው እሱ ነው።

ሳንቲም፦ የቱ ሰውዬ?

ሾፌሩ፦ እርስዎ ምሳ ሲሄዱ የመጣው። አጠር ያለ፣ ራሱን የሚነቀንቅ። «የምከፍልበትን ልየው» ብሎ ዞረ። የቦቴዬን ጎማ በእግሩ መታ መታ አድርጎ «ይሄ ይሠራል፣ ይቆይ» አለ። እሳት አጥፊዎቹንም አይቶ «ይቆዩ» አለ።

ሳንቲም፦ ይክፈላቸዋ። እሰየው ነው።

ሾፌሩ፦ ከዚያ ድንኳኑን አየና «እዚህ ውስጥ ምን አለ?» አለኝ። ሒሳብ ሹም አልኩት። «እኔ ታዲያ ምንድን ነኝ?» አለኝ።

[የሳንቲም ጣት ማሽኑ ላይ ደርቆ ቀረ።]

ሾፌሩ፦ «ለአንድ እሳት ሁለት ሒሳብ ሹም አልከፍልም» አለና እርስዎን ሰረዘዎት። ድንኳኑንም ሊያስነቅል ነበር፤ ጋሼ ከምሳ ሲመለሱ ፀሐይ ይመታቸዋል ብዬ ለምኜ አስተረፍኩልዎት።

ሳንቲም፦ ይሰርዝ፤ ብዕሩ ይድረቅበት። እኔ የእሱ ሠራተኛ ነኝ? የራሴ ኃላፊ አለልኝ።

ሾፌሩ፦ እሳቸውም ደውለው ነበር።

ሳንቲም፦ ማን አነሳው?

ሾፌሩ፦ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ትተውት ሲጮህ እኔ አነሳሁት። ሪፖርትዎ ደርሷቸዋል፤ ሲስቁ ይሰማኛል። «ጎበዝ ነው፣ ከእሳቱ ገላገለን» አሉ።

ሳንቲም፦ [ደረቱን ነፍቶ] ምን አልኩህ።

ሾፌሩ፦ «እንግዲህ እሳት የሌለን ሰዎች የእሳት ሒሳብ ሹም ምን ያደርግልናል፤ ነገ መጋዘን ይግባ» አሉ።

[ደረቱ እንደተነፈሰ ጎማ ወረደ። ወንበሩን በሁለት እጁ ያዘ፤ አሁኑኑ የሚወስዱበት ይመስል።]

ሳንቲም፦ ይህን ሁሉ ሆድህ ውስጥ ይዘህ ነው ስለ ጠርሙስ የምታደርቀኝ?

ሾፌሩ፦ ልነግርዎት ስል ዝም ብለህ ስማ አሉኝ። ሰማሁ።

[ሳንቲም ተነሳ፣ ተቀመጠ፣ እንደገና ተነሳ። ከዚያ፣ የሾፌሩን እህት ካገባ ወዲህ አድርጎት የማያውቀውን፣ እጁን ትከሻው ላይ አሳረፈለት።]

ሳንቲም፦ ወንድሜ፣ ስማኝማ። ከጅረቱ ወዲህ፣ ቁጥቋጦው ጋ፣ ለብቻዋ የምትጨስ ነገር ነበረች። ከዚህ ሆኜ ሳያት ነበር። እሷ ከትልቁ እሳት ጋር አትገናኝም፤ እዚሁ የተነሳች የራሳችን ናት፤ አልፈረምኩባትም።

ሾፌሩ፦ ትንሿ?

ሳንቲም፦ ትንሽ ትሁን። ወጪ የሚወጣባት ከሆነች ሒሳብ ሹም ትፈልጋለች። ለኃላፊው አሁን ደውዬ እሳት አለን እለዋለሁ። እንዴት ናት? ደህና ናት? ነፋስ ያገኛታል?

ሾፌሩ፦ እሷንማ ስወርድ አጠፋኋት ጋሼ። ወጪ እንዳትሆንብዎት ብዬ።