መንፈስ የቤት ቁጥር አይናገርም

እግዚአብሔር በቀጥታ ከሚያናግረው ሰው ጋር መንገድ አትውጡ። ሰውየው ክፉ ስለሆነ አይደለም፤ ክርክር ስለማይቻል ነው። "በዚህ በኩል ይቀርባል" ብትሉት "በዚያ በኩል ሂድ ተብያለሁ" ይላችኋል። ከዚያ ወዲያ ይግባኝ የሚባልበት ቦታ የለ… ዝም ብሎ ዳገቱን መውጣት ነው።

እኔ እንዲህ ካለ ሰው ጋር ስድስት ወር ዳገት ወጥቻለሁ። ዘመኑ የደርግ ነው። ያኔ ጴንጤ መሆን እንደ ዛሬው በድምፅ ማጉያ የሚታወጅ ነገር አልነበረም፤ ተሰብስቦ ሲዘምር የተገኘ የሚያድረው ቀበሌ እስር ቤት ነው። እኛም መገናኛ አካባቢ፣ ጋሽ ዘውዴ የሚባሉ ጡረተኛ ቤት፣ መስኮት ዘግተን በሹክሹክታ እንዘምር ነበር። በሹክሹክታ የተዘመረ መዝሙር ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? ሃያ ሰው ባንድ ላይ ትኩስ ሾርባ እፍ የሚል ነው የሚመስለው።

ጋሽ ዘውዴ ወጣቶቹን ሁለት ሁለት እያደረጉ ቅዳሜ ቅዳሜ ለምስክርነት ይልኩን ነበር። እኔን ያጣመሩኝ ከምትኩ ጋር ነው። ምትኩ ጎሚስታ ነበር፤ ቀኑን ሙሉ ጎማ ሲለጥፍ የሚውል፣ ጥርጣሬ በደጁ ያላለፈ ልጅ። መንፈስ ያልነገረው ነገር የለም፤ የትኛው አውቶቡስ ቀድሞ እንደሚመጣ ሳይቀር ይነግረዋል። እኔ ደግሞ የመዝገብ ቤት ጸሐፊ ነኝ፤ ቁጥርና ቀን የሌለው ደብዳቤ የማልቀበል። ስጸልይ የምሰማው የገዛ ሆዴን ጩኸት ብቻ ነበር። ይህን ግን ለማንም ትንፍሽ አላልኩም። አፍር ነበር።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ምትኩ ፊቱ በርቶ መጣ።

"ደረጀ፣ ተነግሮኛል። ከየካ ሚካኤል በላይ፣ ሰማያዊ በር ያለው ቤት። የሚጠብቀን ሰው አለ።"

"ማን ይባላል?"

"ስም አልተነገረኝም።"

"ወንድ ነው ሴት?"

"ቅጽ ልታስሞላኝ ነው እንዴ? ተነስ።"

ተነሳሁ። በጨርቅ ቦርሳዬ መጽሐፍ ቅዱሳችንን በጋዜጣ ጠቅልዬ ያዝኩ። "መጽሐፍ ቅዱሳችን" ስል ለይሉኝታ አይደለም፤ ሰባት ሰው የሚጋራው፣ በየተራ ቤት የምናሳድረው አንድ መጽሐፍ ነበር።

የካ ሚካኤልን አልፈን ወደ እንጦጦ አቅጣጫ ዳገቱን ስንያያዘው ግን ሁለታችንም ቆመን ቀረን። ለአብዮቱ በዓል አጥርና በር ሁሉ ቀለም ይቀባ ተብሎ ታዝዞ፣ የቀበሌው ሱቅ ያመጣው ቀለም ደግሞ አንድ ዓይነት ብቻ ኖሯል። ሰማያዊ። ሰፈሩ በሙሉ፣ ከመጸዳጃ ቤት በር እስከ ዶሮ ቤት መዝጊያ፣ ሰማያዊ ነው።

"ከየትኛው እንጀምር?" አልኩት።

"ዝም በል፣ እያዳመጥኩ ነው።" ዓይኑን ጨፍኖ ቆየና "ከመጀመሪያው" አለ።

የመጀመሪያው የሐጂ ኑሩ ቤት ነበር፤ ሐጂ ጉርድ ሾላ ሱቅ ያላቸው ሽማግሌ ናቸው። በሩን ከፍተው ቁልቁል አዩን። ምትኩ ውሸት አይችልም፤ የሚጠብቀንን ሰው እንድንፈልግ መንፈስ እንደላከን እቅጩን ነገራቸው። እኔ እግሬን ለሩጫ አዘጋጀሁ።

ሐጂ ግን ውኃ አስመጡልን። ጠጥተን እስክንጨርስ ጠበቁና "ልጆቼ፣ የላካችሁ እሱ ከሆነ እሱ ቤት አይሳሳትም፤ የሳታችሁት እናንተ ናችሁ" አሉ። ቀጥለው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "ደግሞ ይህን ለኔ እንደነገራችሁኝ ለሁሉም አታውሩ። ሰው አለ፣ ጆሮ አለ።"

በሁለተኛው ቤት የተቀበለን ውሻ ነው። በሦስተኛው ማንም የለም። አራተኛውን ሳናንኳኳ በሩ ራሱ ተከፈተና ካኪ የለበሰ፣ ደብተር የያዘ ጎልማሳ ብቅ አለ።

"ምነው ጓዶች? ከጠዋት ጀምሮ እኮ እየጠበቅናችሁ ነው።"

ምትኩ ወደ እኔ ዞረ። ያን አስተያየቱን ዛሬም አልረሳውም፤ ሎተሪ የደረሰው ሰው ያላመነውን ዘመዱን የሚያይበት ዓይን ነው።

ግቢው ውስጥ አሥራ አምስት የሚሆኑ እናቶችና አባቶች አግዳሚ ላይ ተደርድረዋል። ግድግዳው ላይ ጥቁር ሰሌዳ ተደግፏል። ያኔ ገባኝ። የመሠረተ ትምህርት ጣቢያ ነው፤ ሰውየው የቀበሌው ካድሬ ጓድ ፈለቀ ነው፤ የሚጠበቁት ሁለት የፊደል አስተማሪዎች ናቸው። "አይደለንም" እንዳንል "ታዲያ ምን ልትሠሩ መጣችሁ?" መባሉ ነው። ጠመኔውን ተቀበልኩ።

"ከመጀመራችሁ በፊት ማስተማሪያ መጽሐፋችሁን ልየው" አለ ጓድ ፈለቀ፤ እጁንም ወደ ቦርሳዬ ሰደደ።

ጋዜጣውን ገለጥ ሲያደርገው ጥቁሩ ሽፋን ታየ። ምትኩ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፤ እንደሚጸልይ አውቃለሁ፤ እኔም ሞከርኩ፤ ሆዴ እንኳ ጸጥ ብሏል።

"እሱ የኔ ነው" የሚል ድምፅ ከፊተኛው አግዳሚ መጣ። ነጠላቸውን ያጣፉ ጠና ያሉ ሴት ናቸው፤ በኋላ እማማ አስካለ መሆናቸውን አወቅን። "የእህቴ ልጅ ነው የላከልኝ። ማንበብ ስችል እንዳነበው።"

"የእርስዎ? እነዚህ ልጆች እጅ እንዴት ገባ?"

"አድርሱልኝ ብሎ ሰጥቷቸው ነዋ። እትብትህን የቆረጥኩ ሴትዮ አሁን በሰው ፊት ትመረምረኛለህ?"

እማማ አስካለ የሰፈሩ አዋላጅ ነበሩ። ጓድ ፈለቀን ጓድ ከመሆኑ በፊት፣ ልብስ እንኳ ከመልበሱ በፊት አይተውታል። ሰውየው መጽሐፉን ሰጣቸውና ወጣ።

ትምህርቱ ሲያልቅ መጽሐፋችንን ልንቀበል ቀረብን። ምትኩ ምስጋና ጀመረ፤ አቋረጡት።

"ጴንጤ ናችሁ፤ አውቄያለሁ።"

"በምን አወቁ?" አልኩ።

"ሁለት ጎረምሳ ቅዳሜ ጠዋት ጢሙን ተላጭቶ፣ መጠጥ ሳይሸት፣ ዳገት ከወጣ ሌላ ምን ይሆናል? እኔ ሃይማኖቴን የምለውጥ አይደለሁም፤ አትድከሙ። መጽሐፉን ግን ዛሬ አልሰጥም። ፈለቀ ነገ 'የታለ?' ቢለኝ ምን ላሳየው ነው? ማንበብ አስተምሩኝና ውሰዱ።"

እንዲህ ሆኖ መጽሐፍ ቅዱሳችን ታገተ። ነገሩን ለጋሽ ዘውዴ ስንነግራቸው "ሂዱና አስተምሩ ነው የተባለው፤ ምን እንደምታስተምሩማ እኛ ነን የገመትነው" አሉ። እውነተኞቹ አስተማሪዎች የውኃ ሽታ ሆነው ቀሩ፤ ጓድ ፈለቀም ስማችንን ደብተሩ ላይ አሰፈረ። ስድስት ወር፣ በየቅዳሜው።

ምትኩ ተስፋ አልቆረጠም። ሰሌዳው ላይ "ጸ" ይጽፍና "ጸ… ጸጋ" ብሎ ሊሰብክ ሲጀምር ጓድ ፈለቀ በበሩ ብቅ ይላል። "ጸ… ጸረ አብዮት" ይላል ምትኩ ሳይተነፍስ። አዛውንቶቹም ሁለቱን ቃላት አንድ ላይ ሸምድደው ያዟቸው።

አንድ ቅዳሜ ምትኩን ጉንፋን ያዘውና ብቻዬን ሄድኩ። ዝናብ ነበር፤ የመጡት እማማ አስካለ ብቻ ናቸው። ዛሬ እንኳ አንድ ቃል ስጠኝ ብዬ በመንገዴ ሁሉ ለምኜ ነበር። ምንም አልሰማሁም። ስለዚህ መጽሐፉን ከፈትኩና "ያንብቡልኝ" አልኳቸው።

ጣታቸውን ፊደሉ ላይ አድርገው፣ ሕፃን እንደሚቀበሉ ሁሉ በጥንቃቄ፣ "ዘ… ፍ… ጥ… ረ… ት" አሉ። ደገሙት። በሦስተኛው ላይ ገጠመላቸው። ዓይኔን ላለማሳየት ዝናቡን ማየት ጀመርኩ። ያን ቀን ስመለስ፣ ምንም ድምፅ ሳልሰማ፣ የተላክሁበት ቦታ ቆይቼ እንደመጣሁ ተሰማኝ።

ጊዜው አልቆ እማማ አስካለ ፈተናውን አለፉ፤ የምስክር ወረቀታቸውን ተቀበሉ። በማግስቱ እኔንና ምትኩን ጠርተው መጽሐፉን በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልለው አመጡ።

"ውሰዱ፤ ቃል ቃል ነው። ሁሉን አላነበብኩትም። ማውጫውን ግን ጨርሻለሁ።"

ምትኩ ስድስት ወር የጠበቃት ሰዓት የደረሰች መሰለው። "እማማ፣ ታዲያ ልብዎ ምን አለዎት?"

"ጎደሎ ነው አለኝ።"

"ምኑ?"

"መጽሐፉ ነዋ። ቁጥር አስተምራችሁኝ የለ፣ ሦስቴ ቆጠርኩት። ስድሳ ስድስት መጽሐፍ ነው። የኛ ቄስ ሰማንያ አንድ ነው የሚሉት። አሥራ አምስቱን የት አደረሳችሁት?"

ምትኩ ቀስ ብሎ ዓይኑን ወደ ሰማይ ሰቀለ።

"ወደ ላይ አትይ ልጄ" አሉት እማማ አስካለ፣ መጽሐፉን ደረቱ ላይ እያስታቀፉት። "እዚያ ያለው ሙሉው ነው።"