መፋቂያ ለስምንት ቫልቭ

መቀመጥ የማይችል ሰው ሁሉ መንገደኛ አይደለም። ይህን ስላችሁ ከራሴ ሌላ ምስክር አልጠራም። እኔ ወንበር ላይ አምስት ደቂቃ አልረጋም። ክፍል ውስጥ ሳስተምር ከጥቁር ሰሌዳው እስከ መስኮቱ፣ ከመስኮቱ እስከ በሩ እመላለሳለሁ፤ ቤት ስገባ ደግሞ ባለቤቴ "እባክህ ምንጣፉ አለቀ" ትለኛለች። ይህ ሁሉ እርምጃ በአንድ አቅጣጫ ቢሆን ኖሮ ጎጃም ደርሼ በተመለስኩ ነበር። ግን ዞሮ ዞሮ እዚያው ነው። ከእናንተም መካከል ሻንጣውን ከአልጋው ሥር ሳያርቅ ዕድሜውን በአንድ ከተማ የሚጨርስ ሰው አይጠፋም፤ እሱ ይረዳኛል።

ሐረር የተመደብኩት ለሁለት ዓመት ነበር። "ሁለት ዓመት ብቻ ነው" ብዬ ለእናቴ ምዬላት ከደብረ ማርቆስ ወጣሁ። አሁን ሃያ ሦስት ዓመት ሆነኝ። መጀመሪያ ዝውውር ጠየቅሁ፤ ዝውውሩ ሲፈቀድ እምቢ አልኩ፤ በዓመቱ እንደገና ጠየቅሁ። ሐረር ልሂድ ስትሏት አትለምናችሁም፤ "ሻይ ጠጡና ሂዱ" ነው የምትላችሁ። ሻዩን ጠጥቼ ሳልጨርስ አገባሁ፣ ሁለት ልጆች ወለድኩ፣ ሐኪም ጋራ ላይ ቤት ሠራሁ። ልቤ ግን ሁልጊዜ እንደቆመ ነው።

በመጨረሻ መኪና ገዛሁ። በጅቡቲ በኩል የገባች፣ ያገለገለች አውቶሞቢል ናት፤ ጥፋቱ የሷ ስላልሆነ የሠራትን ፋብሪካ ስም አላነሳም። ድሮ በየሁለት ዓመቱ በአውቶቡስ እየሄድኩ እናቴን አይ ነበር። መኪናዋን በገዛሁ ሰሞን እናቴ በስልክ "ዓይኔ እየደከመ ነው፤ ጨርሶ ሳይጨልም ፊትህን ልየው" አለችኝ። እኔም "በመኪናዬ እመጣለሁ" አልኳት።

ስህተቱ የተሠራው እዚህ ላይ ነው። አስተውሉ፣ "እመጣለሁ" ብል ይበቃ ነበር። "በመኪናዬ" ያልኩ ዕለት አውቶቡስ የሚባል ነገር ከምድረ ገጽ ጠፋብኝ። እናቴ ለሰንበቴ ማኅበርተኞቿ ነገረች፤ እነሱ ለመንደሩ ነገሩ። መኪና አለው የተባለ ሰው ፌስታል አንጠልጥሎ ከአውቶቡስ ሲወርድ በዓይነ ሕሊናዬ አየሁትና አፈርኩለት። መኪና ከገዛሁ ወዲህ አገሬን አላየሁም ብላችሁ ታምኑኛላችሁ? አራት ዓመት ሙሉ አላየሁም።

መኪናዋ ታማ ነበራ። ጠዋት ሳስነሳት ወባ እንደያዘው ሰው ትንቀጠቀጣለች፤ ዳገት ስታይ ትንፋሽ ያጥራታል። አንድ ክረምት ጨክኜ ተነሳሁና ቁልቢ ላይ ስትደርስ እንደማትቀጥል ነገረችኝ። ተመለስኩ። ጎረቤት "እንዴት ቶሎ መጣህ?" ሲለኝ ስለት አድርሼ መጣሁ አልኩ። ቢሆንም በየማለዳው ሞተሯን አስነስቼ ሩብ ሰዓት አሞቃታለሁ። ለዛሬ ባይሆን ለነገ ትድረስ እያልኩ ነው።

እናቴ በየእሁዱ ትደውላለች። ከጤና ይስጥልኝ ቀጥሎ የምትጠይቀው "መኪናዋ ተሻላት?" ብላ ነው።

"ትንሽ ተሽሏታል፤ መድኃኒት ጀምሬላታለሁ።"

"ማርያም ትማራት።"

አልዋሸሁም። ቤንዚን ላይ የሚጨመር፣ ሞተር ያጸዳል የሚባል በጠርሙስ የሚሸጥ መድኃኒት አለ። የመምህራን ክበብ ውስጥ ማን እንደሆነ የረሳሁት ሰው መከረኝና ነዳጅ በቀዳሁ ቁጥር አንድ አንድ ጠርሙስ አንቆረቁር ጀመር። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ማለት ይህ ነው። እንዲህ ስንል አንድ እሁድ እናቴ ስለ መኪናዋ ሳትጠይቀኝ ቀረች። "በግራ ዓይኔ አሁን ጥላ ብቻ ነው የማየው" አለች። ያን ዕለት ምንጣፉን ሳይሆን ግቢውን ነው ስዞር ያመሸሁት።

በማግሥቱ መኪናዋን እያንገዳገድኩ ፈላና በር አጠገብ ወዳለው የአው ዩሱፍ ጋራዥ ወሰድኳት። "አው" ሐረሪዎች ታላቅ ሰውን የሚያከብሩበት መጠሪያ ነው። አው ዩሱፍ ፀጉራቸው የነጣ፣ የድሮ መኪና በድምፁ ብቻ የሚያክሙ መካኒክ ናቸው፤ መፋቂያ ከአፋቸው ወጥቶ አያውቅም። ሞተሩ ላይ መዳፋቸውን አሳርፈው ጥቂት አዳመጡ።

"መምህር፣ ምንድነው የምታጠጣት?" አሉኝ።

የመድኃኒቱን ነገር ነገርኳቸው። መፋቂያውን ከጥርሳቸው ሳያወጡ ሳቁ።

"የድሮዎቹ መኪኖች ቤንዚናቸው ከአየሩ ጋር ተቀላቅሎ በቫልቩ፣ በሞተሩ በር በኩል ነበር የሚገባው። ሲያልፍ ያጥበዋል። የአንተዋ ግን ቤንዚኑ አጥር ዘሎ ቀጥታ ሲሊንደሩ ውስጥ ነው የሚረጨው። በበሩ አያልፍም። በበሩ የሚያልፈው አየርና የዘይት ጭስ ብቻ ነው። በሩን ማን ያጥበው ታዲያ?"

"ያ ሁሉ ጠርሙስስ?"

"አቦ መምህር፣ ወገቡን ያመመውን ሰው እግሩን ስታሽ ነው የከረምከው።"

ፊዚክስ አስተማሪ መሆኔን ልብ በሉልኝ። ስለ ሞተር አሠራር በጠመኔ ሥዕል እየሣልኩ ስንቱን ትውልድ ፈትኛለሁ፤ የወደቀውንም ጥያለሁ። ሽማግሌው ግን አልጨረሱም።

"ደግሞ ይሄ ነገር የሚብሰው እየተነሳች በማትሄድ መኪና ላይ ነው። ከቤት ትምህርት ቤት፣ ከትምህርት ቤት ቤት። በቅጡ ሳትሞቅ ትጠፋለች። ወላሂ፣ እሷ የናፈቃት መንገድ ነው።"

የተናገሩት ስለ መኪናዋ ብቻ እንዳልሆነ እሳቸው አያውቁም፤ እኔ ግን አውቄያለሁ።

አየር የሚገባበትን ማኒፎልድ ፈቱና በባትሪ እያበሩ አሳዩኝ። ስምንት ቫልቮች በስምንት ጉድጓድ ውስጥ ተቀምጠዋል፤ ሁሉም ዓመት ሙሉ ያልታጠበ የድስት ቂጥ መስለዋል። ጥላሸቱ ከዘይት ጋር ተጋግሮ ድንጋይ ሆኗል። እዚህ ጋ ዝም ብዬ ብቀመጥ ጥሩ ነበር። አልተቀመጥኩም። ስልኬን አወጣሁና ስፈልግ ባሕር ማዶ ያሉ መካኒኮች የአንድ ጠንካራ ፍሬ ቅርፊት ፈጭተው በአየር ግፊት ቫልቩ ላይ ሲረጩ አየሁ፤ ቅርፊቱ ጥላሸቱን ይልጣል፣ ብረቱን ግን አይጭርም። ያ ፍሬ በኛ አገር የለም። ባቢሌ ግን ቅርብ ናት። ኦቾሎኒ በሞላበት አገር ተቀምጬ ቅርፊት ከሰው አገር ልለምን?

"ለስላሳ ነው፣ አይሆንም" አሉ አው ዩሱፍ።

እምቢ አልኩ። አንድ ጆንያ የኦቾሎኒ ቅርፊት አመጣሁ፣ የባለቤቴን ሙቀጫ ወስጄ ወቀጥኩ፣ በወንፊት ነፋሁ፣ የሰፈራችንን ጎሚስታ ለምኜ ጎማ የሚነፋበትን መሣሪያ አስመጣሁ። አው ዩሱፍ ሞተሩን በእጃቸው እያዞሩ ቫልቮቹ መዘጋታቸውን አረጋገጡና "በል፣ ያንተን ሳይንስ ንፋው" አሉኝ። ነፋሁት። ጋራዡ በአቧራ ተሞላ፣ መንደሩ ሁሉ አነጠሰ። አቧራው ሲገለጥ ቅርፊቱ ዘይቱን ጠጥቶ ቫልቮቹ ላይ እንደ ቂጣ ተለጥፏል። ጥላሸቱ ከነበረበት አልተነቀነቀም። አው ዩሱፍ አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር።

እሳቸው ግን መፋቂያቸውን ከአፋቸው አወጡ። ሳውቃቸው የመጀመሪያ ጊዜ ነው። ጫፉን አዩት፣ ቫልቩን አዩት፣ ማጽጃ ፈሳሽ ጠብ አደረጉበትና ጎንበስ ብለው ይፍቁ ጀመር። ጥቂት ቆይቶ ከጥላሸቱ ሥር ብረት ብልጭ አለ።

"ጥርስ ሳይጎዳ የኖረ እንጨት ብረት አይጎዳም። ኤረር በር ሂድና መፋቂያ ግዛ፤ ጠንከር ጠንከር ያለውን" አሉኝ።

ኤረር በር ላይ መፋቂያ የምትሸጠው ሴት "ለስንት ሰው ነው?" አለችኝ። "ለስምንት" አልኳት። "አላህ ቤተሰብህን ይጠብቅልህ" ብላ አንድ መረቀችልኝ።

ሦስት ቀን ፋቅን። እሳቸው በፈሳሹ ያርሳሉ፣ እኔ እፍቃለሁ፣ የለቀቀውን በጨርቅ እንጠርጋለን፤ አንዱ ሲጸዳ ሞተሩን በእጅ አዙረን ወደ ሌላው እናልፋለን። ብታምኑም ባታምኑም ከአንድ በርጩማ ሳልነሳ ዋልኩ። እሁድ ሲደርስ ግን እናቴ አልደወለችም። እኔ ስደውል ስልኳ ዝግ ነው። ሰኞም ዝግ ነው። በርጩማው ላይ ያገኘሁት ዕረፍት በአንድ ጊዜ ጠፋ፤ መፋቂያውን ይዤ ጋራዡን መዞር ጀመርኩ። ከዓይኗ አልፎ የባሰ ነገር በሐሳቤ መጣብኝ። አው ዩሱፍ "ተቀመጥና የጀመርከውን ጨርስ፤ አላህ ያውቃል" እያሉ መልሰው አስቀመጡኝ።

ስምንተኛውን ቫልቭ ስፍቅ ባለቤቴ በጋራዡ በር ገባች፤ አንዲት አሮጊት በክንዷ ይዛለች። እናቴ ነበረች። የጎረቤት ልጅ ከደብረ ማርቆስ አብሯት ተሳፍሮ፣ አዲስ አበባ ላይ ከአንዲት የሐረር ነጋዴ ጎን አስቀምጧት፣ የስልኳ ባትሪ መንገድ ላይ ሞቶ፣ መናኸሪያ ስትወርድ "የፊዚክስ መምህር፣ ጎጃሜው፣ መኪናው የታመመበት" ብትል ቤታችን ያደረሳት አልጠፋም። በሽታችንን ከተማው ሁሉ ያውቀው ኖሯል።

አው ዩሱፍ ከመቀመጫቸው ተነሱ። "እንኳን ደህና መጡ እናት፣ አልሐምዱሊላህ" አሉ።

እናቴ ሰላምታውን በሁለት እጇ ተቀብላ "የታለች በሽተኛዋ?" አለች።

ወደ ሞተሩ ይዣት ሄድኩ። ጎንበስ ብላ በደህናው ዓይኗ ጉድጓዱን አየች፤ ከዚያ ጥቁር የሆነውን መፋቂያ ከእጄ ወስዳ አገላበጠችው።

"ይህችን ለመፋቅ ነው አራት ዓመት?"

ጥላሸት የለበሰ እጄን ሱሪዬ ላይ ጠረግሁ።

"ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ልጄ" አለች፤ አልተቆጣችም።

"እንዴት በዚህ ዓይንሽ ያን ሁሉ መንገድ መጣሽ እማዬ?"

"አውቶቡሱን የሚነዳው ሹፌሩ ነው። የኔ ዓይን ምን ያደርግለታል?"

መኪናዋ ዳነች፤ ይህን ሳልነግራችሁ ብቀር አው ዩሱፍ ይቀየሙኛል። ዛሬ ስትነሳ ድምፅዋ አይሰማም፤ የቁልቢን ዳገት ስትወጣም አታስልም። በየሳምንቱ ድሬዳዋ ወርጄ እመለሳለሁ፤ የታዘዘላት መንገድ ነው። እናቴን ደብረ ማርቆስ ላድርስሽ ብላት ግን በአውቶቡስ ይሻለኛል ብላ በአውቶቡስ ተመለሰች።

ያን ዕለት ጋራዡ ውስጥ ግን መኪናዋን ማንም አላስታወሳትም። እናቴ መፋቂያውን አስቀምጣ ፊቴን በሁለት መዳፏ ያዘች፤ ጥላሸቴን ከቁም ነገር አልቆጠረችውም። ወደ ብርሃኑ አዞረችኝና በቀኝ ዓይኗ ረጅም ጊዜ አየችኝ። አፈርኩ፤ እንደ ልጅ ማልቀስም ቃጣኝ። ሃምሳ ዓመት ያለፈኝ ሰው ነኝ። እጇን ከጉንጬ ወደ ፀጉሬ አሳለፈች።

"ሸብተሃል" አለች። "በስልክ ይህን አልነገርከኝም።"