ማዳም ኢቢናቦ እና የጠራው ስክሪን

በየመሥሪያ ቤቱ ሁለት ነገር ተጠጋግቶ ካየ እንቅልፍ የሚያጣ አንድ ሰው አይታጣም። በናይጄሪያዋ ፖርት ሃርኮርት፣ መብራት ሲጠፋ የገበያ ማቀዝቀዣዎችን የሚያሠራ ኢንቨርተር በሚመረትበት በእነ ሶቦማ መሥሪያ ቤት፣ ይህን ሥልጣን የያዙት ክብርት ማዳም ኢቢናቦ ናቸው።

ሶቦማ የኢንቨርተሩን የኤሌክትሪክ መስመሮች የሚሸከመውን ቦርድ በኮምፒውተር ይነድፋል፤ ማዳም ይመረምራሉ። ሁለት የመዳብ መስመሮች ከደንቡ በላይ ከተቀራረቡ ፕሮግራሙ ቀይ ምልክት ያወጣል። ማዳም ግን በደንቡ የተጻፈውን ርቀትም ራሳቸው ከፍ አድርገውታል። «የዚህ ከተማ ጥቀርሻ የት ሊሄድ ነው? ቦርዱ ላይ ነው የሚተኛው» ይላሉ፣ መስኮቱን በጣታቸው ጠርገው ጥቁሩን እያሳዩ። ጥቀርሻ ኤሌክትሪክ ያሻግራል፤ ማቀዝቀዣውን የሚነካኩት ዓሣ ሻጮች ደግሞ እጃቸው ከውሃ አይወጣም። «አራርቀው፣ ልጄ። ሰው ይነዝራል።»

ቤተ ክርስቲያን ገብተው ወንበር ያራርቃሉ። ሰርግ ቤት ሻማውን ከኬኩ ያርቃሉ። ሙሽሮቹንም ሊያራርቁ ምንም አልቀራቸውም ብሎ ሶቦማ ያማቸዋል።

የዚያን አርብ ቦርዱ ከሳጥኑ አልገባ ብሎት መስመሮቹን ቢያጠጋጋ ስክሪኑ በቀይ ተሞላ። ሶቦማ መረረው። ደንቡን ከፍቶ ርቀቱን በግማሽ ቀነሰው፤ ቀዩ ሁሉ ጠፋ።

«አንድም የለም?» አሉ ማዳም መነጽራቸውን ከፍ አድርገው።

«የለም፣ ማዳም።»

ደንቡን ሳይከፍቱ ፈረሙ። ከዚያም ሠራተኛውን ሁሉ ጠሩ። «ኑ እዩ፤ ስነዘንዘው ከርሜ ልጄ ሥራውን አወቀልኝ» ብለው ከመንገድ ፕላንቴን የሚሉትን የተጠበሰ ሙዝ ከነዓሣው ገዙለት። ሶቦማ ሳይነካው ወደ ጎን አስቀመጠው። ሰዉ እስኪበተን ጠብቆ፣ ዓይናቸውን ሳያይ፣ «ማዳም፣ ደንቡን ይክፈቱት» አለ።

ከፈቱት። ቁጥሩን አዩ። አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይሻለው ነበር።

በዚህ መሃል ኦጋ ገቡ፤ አለቃቸው ናቸው። «ንድፉን ቦርዱን ወደሚሠራው ፋብሪካ ልላከው?»

«አይላክም» አሉ ማዳም።

«ፈርመዋል እኮ።»

«ሳላይ ፈረምኩ። ጥፋቱ የእኔ ነው።»

ሶቦማ መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። እኚህን ነዝናዛ ሴትዮ ለካ ይወዳቸው ኖሯል፤ ማወቂያው ሰዓት ግን ክፉ ነበር።

«ኦጋ፣ የደንቡን ርቀት የቀነስኩት እኔ ነኝ» አለ። ስክሪኑንም ወደ እሳቸው አዙሮ ቁጥሩን አሳያቸው።