ወንበር ሳይገለብጥ የማይቀመጥ ባል

በዓለም ላይ ያለ የቢሮ ሠራተኛ ሁሉ ሁለት ዓይነት ነው፤ ወንበር ላይ የሚቀመጥና ወንበሩን የሚያይ። የመጀመሪያው በሰላም ጡረታ ይወጣል። ሁለተኛው ክንዱን ጠረጴዛው ላይ አስደግፎ፣ ዓይኑን መስኮቱ ላይ ተክሎ፣ እጁ የሌለ ነገር እየጨበጠ እየለቀቀ፣ «ይሄን ሥራ ትቼ...» እንዳለ ያረጃል። እናንተም አንድ አታጡም። አጎታችሁ ነው፣ ወይ የሥራ ባልደረባችሁ፣ ወይ እንደኔ ዕድል ጥሎባችሁ እንደሆነ ባላችሁ።

የኔው ክቡርነታቸው በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ውስጥ ፋይል አውጪና መላሽ ነበሩ። ደመወዛቸው ወር ጠብቆ ይመጣል፤ ዝናብ አይነካቸው፣ ፀሐይ አያገኛቸው። ልባቸው ግን እንጨት ሥራ ቤት ነው። የትም ቤት ቢገቡ ወንበሩን ሳይገለብጡ አይቀመጡም። እግሩ ከመቀመጫው ጋር በሚስማር ተመትቶ ነው ወይስ ተሰክቶ የሚለውን ማወቅ አለባቸው። «አንዴ ብቻ ልየው» ነው የሚሉት። ይህችን «አንዴ ብቻ ልየው» የሰማ ሰው ዕቃውን ቶሎ ቢሸሽግ ይሻለዋል፤ ሊፈታታ ነው ማለት ነው።

ከወላጆቼ ጋር ላስተዋውቃቸው የወሰድኳቸው ዕለት፣ አባቴ ሊቀበላቸው ከወንበሩ ብድግ አለ። ክቡርነታቸው እጁን ጨበጡ፤ በዚያው ጎንበስ ብለው ወንበሩን ከኋላው አንስተው ገለበጡት። አባቴ መልሶ ሊቀመጥ ሲል ያገኘው አየር ነው። እናቴ ባትደርስለት ኖሮ ጉድ ፈልቶ ነበር።

«ምን ጠፍቶህ ነው ልጄ?» አለ አባቴ፣ የእናቴን ትከሻ እንደያዘ።

«ይቅርታ አባባ፣ አንዴ ብቻ ልየው ብዬ ነው። ይሄን የሠራው ሰውዬ በሕይወት አለ?»

ከሄዱ በኋላ እናቴ ፈረደች። «ይሄ ሰው ሊያገባ የመጣው ወንበሩን ነው። አንቺ ምራቂ ነሽ።»

መሥሪያ ቤታቸው ውስጥም ሳይጠየቁ የማያቃኑት ነገር አልነበረም። የሚንገዳገድ ጠረጴዛ፣ አልከፈት ያለ መሳቢያ፣ የመደርደሪያ እግር፣ ሁሉም በእጃቸው አልፏል። አንድ ቀን የአለቃው በር ሲከፈት ሲጢጢጥ የሚለው ነገር አላስቀምጥ ቢላቸው፣ መላጊያቸውን በቦርሳ ደብቀው አመጡና፣ በምሳ ሰዓት በሩን ከነማጠፊያው አውርደው ጠርዙን ላጉት፣ ማጠፊያውን ዘይት አጠጡት። በሩ ከዚያ በኋላ እንደ ጥላ ሆነ፤ ሲመጣም ሲሄድም አይሰማ።

አንድ ነገር ግን አላሰቡም። ያ ሲጢጥታ የመሥሪያ ቤቱ ዘበኛ ነበር። በሩ ሲጮህ ነው ሹራብ የምትሠራዋ ሹራቧን የምትከተው፣ የሚያንቀላፋው የሚነቃው፣ ወሬኛው ወሬውን የሚውጠው። በማግስቱ አለቃው ኮሽ ሳይሉ ወጥተው ከሠራተኞቹ መካከል ተገኙ። ሁሉንም በያለበት ያዙት። ክቡርነታቸው ራሳቸው የሰው መሳቢያ ጭናቸው ላይ ገልብጠው በብርጭቆ ወረቀት ይፈትጉ ነበር።

«የእጅህን ይስጥህ!» አለቻቸው ሹራብ ሠሪዋ። «እንኳን በር፣ የሰው እንጀራ ላግክ እኮ!»

አለቃው ግን ጸጥ ባለው በር ተደስተው ኖሯል። ክቡርነታቸውን አስጠሩና የመዝገብ ቤቱ ኃላፊ አድርገው ሊሾሟቸው እንደፈለጉ ነገሯቸው። ሰፊ ጠረጴዛ፣ የሚሽከረከር ወንበር፣ የተሻለ ደመወዝ። መልሱን ሰኞ ይዘህ ና ተባሉ።

ቤት ሲገቡ መርዶ ነጋሪ ይመስሉ ነበር።

«ምነው? ማን ሞተ?» አልኩ፣ ልጄን እንደታቀፍኩ።

«ሾሙኝ» አሉ፣ ግድግዳውን ተደግፈው።

ነገሩ ወዲህ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ እየሄዱ እጃቸውን የሚያፍታቱበት አንድ እንጨት ሥራ ቤት አለ። ባለቤቱ ሽማግሌው አናጢ በዚያው ሳምንት፣ «ጉልበቴ ከዳኝ፤ አብረኸኝ ሥራ፣ ኋላም ቤቱን ትረከበኛለህ» ብለዋቸዋል። ሹመቱን ከተቀበሉ ያ ቤት ለሌላ ሰው ሊሰጥ ነው። አንዴ የሚሽከረከር ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው ደግሞ ባለበት ይሽከረከራል እንጂ አይነሣም፤ ይሄን እሳቸውም እኔም እናውቃለን።

እናቴ ወሬው ሲደርሳት ወዲያው ደወለች። «ሰው ወንበር ላይ ተቀምጦ እየበላ፣ ወንበር ልሥራ ብሎ ይነሣል? ልጅ ወልዳችኋል እኮ! ኧረ ምከሪው!»

ልመክር ቆርጬ ነበር። የቤት ኪራይ በሕልም አይከፈልም። ቅዳሜ ጠዋት ልጄን አዝዬ፣ የምናገረውን በልቤ እያሰማመርኩ ወደ እንጨት ሥራ ቤቱ ሄድኩ።

እዚህ ላይ አንቱታውን ልተወው፤ እዚያ ያየሁት ሰው አንቱ የሚባል ዓይነት አልነበረም።

በጣሪያው ሽንቁር የገባው ብርሃን ውስጥ ሰጋቱራው ይንሳፈፋል፤ መሬት ለመድረስ ምንም አይቸኩልም። ፍቅፋቂው ከመላጊያው አፍ እየተጠቀለለ እየወጣ እግሩ ሥር ይከመራል። ቤት ሲሆን ቁልፉን ይዞ ቁልፍ የሚፈልገው ሰው፣ እዚህ ሳያይ እጁን ይዘረጋል፤ መሮው እዚያው ይጠብቀዋል። ጣውላውን በመዳፉ ይዳብሰዋል፣ የሆነ ነገር ይለዋል፣ ይስቃል። ልጄ የመላጊያውን ሽሽሽ እየሰማች ጀርባዬ ላይ ተኛች። እኔም ቆሜ የት እንዳለሁ ጠፋኝ፤ ከሩቅ የሚፈስ ውሃ የማዳምጥ መሰለኝ። ያሰማመርኩት ምክር አንድም ቃል አልቀረልኝ።

«እጁ ደህና ነው» አሉኝ ሽማግሌው በርጩማ እየሰጡኝ። «ያስቸገረን አፉ ነው። ከእንጨት ጋር ያወራል። አንዳንዴም ይጨቃጨቃሉ።»

«ማን ያሸንፋል?»

«እንጨቱ። ግን ሳይታረቁ አይለያዩም።»

ድምፃችንን ሰምቶ ዞር አለ። ሲያየኝ መላጊያውን ቀስ አድርጎ አስቀመጠ፤ የተኛ ልጅ የሚያስቀምጥ ነበር የሚመስለው።

«ወስኛለሁ» አለኝ። «ሹመቱን እቀበላለሁ። ለልጃችን ስል።»

ይሄንን ልሰማ አይደል የመጣሁት? ደስ ሊለኝ ሲገባ ዓይኔ ካስቀመጠው መላጊያ ላይ አልነሣ አለኝ።

«በልጅቷ አታሳብ» አልኩት። «እሷ ተኝታለች።»

«ብንቸገርስ?»

«እጮህብሃለሁ። ስጮህ አታውቀኝም? እስከዚያ ሥራህን ሥራ። ግን ዋጋ የምናገረው እኔ ነኝ። አንተ ዋጋ ሲጠይቁህ የእንጨቱን የዘር ሐረግ ትቆጥራለህ።»

«የምርሽን ነው?»

እኔ ሳልመልስ ሽማግሌው ጣልቃ ገቡ። «እሷን ቀጥሬያለሁ። አንተን ግን እናያለን።»

ሰኞ ሄዶ ሥራውን ለቀቀ። ሹመቱ ለሹራብ ሠሪዋ ሆነ፤ ደህና ታስተዳድራለች ይባላል።

ኑሯችን ተንደላቀቀ ብዬ አልዋሽም። አንዳንዱ ወር ይሞላልናል፣ አንዳንዱ ባዶውን ያዛጋል። ክቡርነታቸው ልባቸው እሺ ካላለ አንዲት የልጅ ወንበር እንኳ ከእጃቸው አትወጣም፤ ደንበኛ ሲቆጣ «ቫርኒሹ አልደረቀም እኮ» የምለው እኔ ነኝ፣ ቫርኒሹ ገና ሳይገዛ። ቃሌንም ጠብቄ እጮሃለሁ። እናቴ ጩኸቴን በሰማች ቁጥር «አይቆጭሽም?» ትለኛለች።

እሑድ ከሰዓት በኋላ ብትመጣ መልሱን ታይ ነበር። መስኮቱ ክፍት ነው፣ መጋረጃው ቀስ እያለ ይተነፍሳል፣ አባትና ልጅ ተኝተዋል። የሱ እጅ ግን አይተኛም። በሕልሙ ፍራሹን ይልጋል፤ ወደ ፊት፣ ወደ ኋላ፣ ደግሞ ወደ ፊት፣ ሳይቸኩል። እኔም ልጅ በማዘል የዛለ ጀርባዬን ሳላስነቃው ከእጁ ሥር አስጠጋለሁ። እሱም ጉብጥብጡን እያቃና፣ ሻካራውን እያለሰለሰ ይልገኛል።

ትእዛዝ ያለው ደንበኛ ይጠብቅ። አሁን ተራው የኔ ነው።